የሃምሳ ደቂቃ መንገድ

ሰኔ 28

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ጽሕፈትሽ ለምን እንደ ሸርጣን በጎን በጎኑ ይሄዳል ብለህ ጠይቀኸኛል። ሳቄ ነው የመጣው። ምን ላድርግ፣ በአንድ እጄ ትኬት እየቆረጥኩ በሌላው ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱም መስመር የለውም። ደግሞ አንተ መች ነው በሰው ጽሕፈት ላይ ፈራጅ የሆንከው? የፀጉር ቤትህን ማስታወቂያ ስትጽፍ ሁለት ፊደል ገድፈህ ከተማው ሁሉ አልሳቀብህም?

ለምን እንደማልመጣም ጠይቀሃል። ንፋሱ ይለፍና እመጣለሁ። ጀልባዎቹ ስለቆሙ ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ እኔ መስኮት ነው። ቀኑን ሙሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ «በአየር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ፣ ቀጣይ!» በሕልሜም ሳልለው አልቀርም። ከደሴት ወደ ደሴት ለመሻገር ይህን ያህል የሚጨነቅ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ ያብዳል።

የእማዬ ነገር ጉንፋን ነው ስላልከኝ ልቤ አርፏል። ንፋሱ የጣለው የእናንተ ደሴት የስልክ ማማ እስኪነሳ ድረስ በካፒቴኑ በኩል ጻፍልኝ። ምስኪን፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወንበርህ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ደብዳቤ ኪሱ ትከትበታለህ። ከአብራሪነት ወደ ፖስተኛነት አወረድነው።

እህትህ

―

ሐምሌ 1

ለእህቴ ለሚጢጢ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እማዬ ተቆጥታ እንደሆነ በካፒቴኑ በኩል አስጠይቀሽኛል። እንዴታ! መቼ ነው ሳትቆጣ የዋለችው? ሐኪሙን እጅህ ይቀዘቅዛል ብላ ተቆጥታለች። ቤት ድረስ እየመጣች መርፌ የምትወጋትን ነርስ ረጋ ብለሽ ተራመጂ ብላ ተቆጥታለች። እኔን ዛሬ ጠዋት «የሰው ፀጉር በልብስህ ተሸክመህ አልጋዬ ላይ አትቀመጥ» ብላ አባራኛለች።

አንቺን የተቆጣችው ግን ሌላ ነው። አልጋዋ ያለበት መስኮት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንደሚያይ ታውቂያለሽ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሻርፗን ታስተካክላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ከማረፊያው እስከ ቤት ሰው በእግሩ የሚፈጅበትን ያህል ትጠብቅና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ትላለች። እኔ ምን ልመልስላት? ልጅሽ ትኬት እየቆረጠች ነው ልበላት? ለሌላው ሰው ሁሉ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ የምትይው መንገድ ለራስሽ ሲሆን ረዘመ? ደግሞ አንቺ በነፃ የምትሳፈሪ ሰው ነሽ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

ልቆጣ አልነበረም የተቀመጥኩት። ግን እንግዲህ ልንገርሽ፣ ጉንፋን አይደለም። ልቧ ነው። እግሯ አብጧል። ተጋድማ መተንፈስ ስለማትችል ትራስ ደርድረን ቀና አድርገን ነው የምናሳድራት። ወደ እናንተ ሆስፒታል ላምጣት ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ አየር ላይ አትተርፍልህም አለኝ። በወረቀት ላስደነግጥሽ ስላልፈለግሁ ነው ጉንፋን ያልኩሽ፤ አንቺ ግን ጉንፋኑን አምነሽ ተቀመጥሽ።

ቶሎ ነይ። በእግዜር ነይ።

ወንድምሽ

―

ሐምሌ 4

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት፣ ማረፊያው ላይ ሻንጣ የምትመዝነዋ። ስትጨርስ ወረቀት አምጪልኝ አልኳት።

ውሸቴን ነው። ወረፋ የለም፣ ትኬትም አልቆርጥም። ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴን ወደ ወለሉ ደፍቼ ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱ መሬት ላይ ነው ያለው። ፊደሉን አፍንጫዬ ሊነካው ሲል ነው እንደ ጥላ የማየው።

ያቺ የቀረችኝ ዐይን ናት። ሌላዋን በልጅነታችን ኩፍኝ እንደወሰዳት አንተም ታውቃለህ። በሰኔ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ። ዐይን ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ ነው አለች ሐኪሟ። በቀዶ ጥገና መለሰችው፤ እስኪጣበቅ እንዲደግፈው ደግሞ ዐይኔ ውስጥ ጋዝ ሞላችበት። ጋዙ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲይዝልኝ ነው ተደፍቼ የምውለው፣ የማድረውም። እሱ ሟሙቶ እስኪጠፋ በአየር መሄድ ክልክል ነው። አውሮፕላን ላይ የታሸገ ብስኩት ከረጢቱ ሲነፋ አይተህ የለ? ዐይኔም ልክ እንደሱ ነው የምትሆነው። ትጠፋለች አለችኝ፣ በግልጽ። ለማንኛውም እንዲታወቅ የእጄ አንጓ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ አስራብኛለች። የኛ መሥሪያ ቤት ይህን ያሰረ ሰው አያሳፍርም።

ጀልባ እንዳልል ጀልባ የለም። በዋና እንዳልመጣ ዋና አልችልም። ደሴት ተወልዶ ዋና አለመቻል የኔ ብቻ ጉድ ነው።

ስማኝ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት። አንዷ የጠፋች ጊዜ እንዴት እንደሆነች ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ደክሟል ያልከኝን ልብ በኔ ዐይን እንዳትገድልብኝ። ማልልኝ።

ሐኪሙን ጠይቀህ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ስንት ጊዜ አላት? ጋዙ ገና ብዙ ሳምንት ነው የሚቆየው። እሷ እዚያ መጋደም አቅቷት ቀና ብላ፣ እኔ እዚህ ቀና ማለት ተከልክዬ ተደፍቼ። ላብድ ነው፣ ወንድሜ።

እህትህ

―

ሐምሌ 7

ለሚጢጢዬ፣

ይቅር በይኝ። ያን ሁሉ የጻፈ እጄን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ደብዳቤሽን ፀጉር ቤቴ ውስጥ ቆሜ አንብቤ ደንበኛዬን ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ትቼው ወጣሁ። ስመለስም እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ለእማዬ አልነግርም። ምያለሁ።

የጠየቅሽኝን ሐኪሙን ጠየቅሁት። ትከሻውን ነው የነቀነቀው። ስጫነው «ሳምንት ልበልህ፣ ወር ልበልህ? አላውቅም» አለኝ።

ያልሞከርኩት የለም። ካፒቴኑን ለምኜዋለሁ። ወንበሬ ላይ አስቀምጬ፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጌ ነው የጠየቅሁት፤ በዚያች ሰዓት ሰው እምቢ አይልም ብዬ። ምክንያቱን ሳልነግረው፣ ወደ ላይ ሳትወጣ ባሕሩን እየታከክህ እህቴን አምጣልኝ አልኩት። ምላጩ ሥር ሆኖ እምቢ አለ። በዚህ ንፋስ ዝቅ ብዬ ብበር ያሳፈርኩትን ሰው ሁሉ ባሕር ውስጥ እጨምራለሁ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ዓሣ አጥማጆቹ ጋም ሄጃለሁ። እንኳን አንቺ ጋ ሊመጡ ጀልባቸውን ከአሸዋው ላይ አላወረዱም።

ለእማዬ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከለከላት አልኳት። «አለቃዋ ከድንጋይ ነው የተወለደው?» አለችና ስትረግመው አመሸች። ምስኪን አለቃሽ ይህን ሰሞን ነገር ከተበላሸበት የኛ ቤት እጅ አለበት።

ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። ምግብ ትታለች። ያልተዋት ቁጣው ብቻ ነው። አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ሻርፗን አሁንም ታስተካክላለች፣ አሁን ግን እጇ ስለማይደርስላት እኔ ወይም ነርሷ ነን የምናስተካክልላት።

ምን ላድርግ እንደምትዪ አውቃለሁ። ነይ አልልሽም። ቅሪም አልልሽም። ሁለቱንም ልጽፍ ብዬ ብዕሬ አልታዘዘኝም። እንዲህ ያለ ነገር የሚወስን ወንድም አልወጣኝም።

ወንድምሽ

―

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ወንድምዓለም፣

አንተ ካልወሰንክ እኔ ወስኛለሁ። ቅዳሜ እሳፈራለሁ።

ሐኪሟን አልጠየቅኳትም። መልሷን አውቀዋለሁ። አረንጓዴውን ፕላስቲክ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። ጓደኛዬ አልቅሳ አልቅሳ እሺ ብላኛለች፣ እሷ ሻንጣዬን መዝና ታሳልፈኛለች። ሌላ ማንም አያውቅም።

አስቤበታለሁ፤ ሌላ የማስበው ነገርም የለኝም። ዐይኔ እስክናርፍ ብትቆይልኝ ፊቷን አያለሁ። ባትቆይም ድምፄን ትሰማለች። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከምትሞት እኔ ታውሬ ልቅር። ዐይን ኖሮኝ የዚያን ግድግዳ ነገር ሳስብ ከምኖር፣ ምን ያደርግልኛል?

ማረፊያው በር ላይ ቁምልኝ። ክንዴን ያዘኝ፣ ምን ይታይሻል ብለህ ግን አትጠይቀኝ። ቤት ስንገባ አልጋዋ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ራስጌው በየት በኩል እንደሆነ በጆሮዬ ንገረኝ። ቀጥ ብዬ ሄጄ ልስማት። እየዳበስኩ እንዳልገባባት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ትኬት መቁረጡ ይቀራል። አንተ ጋ ራስ ማጠብ እሠራለሁ፣ እሱ ዐይን አይፈልግም። ወሬውን አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።

አትከልክለኝ። ለእማዬ ቅዳሜ ትመጣለች በላት።

እህትህ

―

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

እህቴ፣

እንዳትሳፈሪ! ካፒቴኑን ሞተር ሊያስነሳ ሲል አስቁሜ፣ ወረቀቱን ክንፉ ሥር ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

እማዬ ተሻላት። ዛሬ ጠዋት ራሷ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሾርባ ጠጣች። እግሯም ጎድሏል። ትመጣለች ስላት ምን አለች መሰለሽ፣ «ልጄን አታስቸኩሏት፤ ሲመቻት ትምጣ፣ እኔ እጠብቃታለሁ» አለች። በሰላም ነው ያለችው። ሐኪሙም ገና ብዙ ትቆያለች ብሏል። ስለዚህ ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ገባሽ? ጋዙ ይጥፋ፣ ከዚያ ትመጫለሽ፣ ታገኛታለሽ።

የዐይንሽን ነገር ለካፒቴኑ ነግሬዋለሁ። ጓደኛሽ ብታሳልፍሽ እሱ ከደረጃው ይመልስሻል። ይህን አንብበሽ ብትሳፈሪ ወንድም የለሽም።

ተደፊ። ሐኪሟ እንዳለችሽ ተደፊ። ለምኜሻለሁ።

ወንድምሽ

―

ሐምሌ 15

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አልተሳፈርኩም። ወደ ሐኪሟ ሄጄ ፕላስቲኩን መልሳ አሰረችልኝ፣ እስኪበቃኝም ተቆጣችኝ። እንደገና ተደፍቻለሁ።

እማዬ ስለተሻላት ደስ ብሎኛል።

አሁን ብዙ አልጽፍልህም፣ ደክሞኛል። አንተ ግን ጻፍልኝ። ምን እንደበላች፣ ምን እንዳለች፣ ምን እንደለበሰች። ረጅም ባይሆንም ግድ የለም። ውሃ ጠጣች ብትለኝም ይበቃኛል። ብቻ እንዳታቋርጥ።

እህትህ

―

ሐምሌ 24

ለሚጢጢ፣

ትናንት ወተት ጠጣች። ምንም አላማረረችም። ነርሷን መረቀቻት፣ አንቺንም ዘወትር ትመርቅሻለች። ሰማያዊውን ቀሚሷን ለብሳለች። እንቅልፏ ጥሩ ነው።

ፀጉር ቤትህ ለምን ተዘጋ ብለሽ ላክሽብኝ። ምላጭ አልቆብኝ ነው እንጂ ምንም የለም፣ አሁን ከፍቻለሁ። ጢሜን ማሳደጌንም ካፒቴኑ ነግሮሽ ይሆናል። ወሬኛ ነው። እንዲሁ ለለውጥ ያህል ነው።

ዐይንሽ እንዴት ናት? ጋዙ ቀነሰ?

ወንድምሽ

―

ነሐሴ 12

ወንድምዓለም፣

ጋዙ ጠፋ። ሐኪሟ ትናንት ፕላስቲኩን በገዛ እጇ ቆረጠችው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የዳቦ ቤት ታፔላ አነበብኩ። ሻጯ አፏን ከፍታ ስታዛጋ አየሁ። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።

እንግዲህ ይብቃህ። አውቃለሁ።

ያን ዓርብ ነው ያወቅሁት። ጓደኛዬ እያነበበችልኝ «ሲመቻት ትምጣ» የሚለው ላይ ስትደርስ አበቃ። የኛ እናት ናት ሲመቻት ትምጣ የምትለው? የኛ እናት መቼ ነው ሰው እስኪመቸው የጠበቀችው? ጓደኛዬ «እሰይ!» ብላ ጀርባዬን አቀፈችኝ። እኔም እሰይ አልኩ። ፊቴ ወደ መሬት ስለነበር አላየችኝም፣ እንባዬ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ነው የወረደው። ወንድሜ፣ ውሸቱን ከዋሸህ አይቀር ትንሽ ቁጣ ብትጨምርበት ምን ነበረበት? አሳምረህ ገደልካት።

ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ ትል ይሆናል። ጻፍልኝ ያልኩህ ለዚሁ ነው። አንተ እስከጻፍክልኝ ድረስ ወተት ትጠጣ ነበር። አላማረረችም ስትለኝ ልቤ እየተቆረጠ፣ እሺ ትጠጣ እያልኩ ነበር። ለብቻህ ስንት ተሸክመህ እንደከረምክ ማሰብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ይቅር በለኝ።

አሁን እውነቱን ጻፍልኝ። የስልኩ ማማ ተነሳ ይላሉ፣ እንዳትደውል፣ ድምፅህን አልችለውም። ማረፊያው በር ላይ እንዳትነግረኝም፣ ሰው ፊት መቆም ያቅተናል። ከመምጣቴ በፊት በወረቀት። መጨረሻ ላይ ምን አለች? ስለ እኔ ምን አለች? ረግማኝ ከሆነም ጻፈው። ምንም እንዳታሳምርልኝ።

እህትህ

―

ነሐሴ 13

እህቴ፣

ምንም አላሳምርም።

በዚያ ዓርብ ጠዋት ትንፋሿ በጣም ከብዶ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደብዳቤሽን ልቀበል ወደ ማረፊያው ሄድኩ። ቅዳሜ እሳፈራለሁ የሚለውን ነው የተቀበልኩት። መንገድ ላይ እያነበብኩ ስመለስ አንዴ እሮጣለሁ፣ አንዴ እቆማለሁ። ነይ ልበልሽ አልበልሽ አላውቅም። የልቤን ከጠየቅሽኝ፣ እንድትመጪ እፈልግ ነበር። ዐይንሽ ጠፍታም ቢሆን እንድትመጪ እፈልግ ነበር። ይህንንም ዕወቂው።

ነርሷ በዚያን ሰዓት መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ እየተመለሰች ነበር። እማዬ የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምታ ስትጠብቅ፣ በሰዓቱ በር ተከፈተና ሴት ገባች። ዐይኗ ያን ጊዜ ደክሟል። «መጣሽ?» አለቻት። ነርሷ እኔ አይደለሁም ልትል ነበር፣ እማዬ እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። «መጣሁ» አለች ነርሷ።

እኔ በር ላይ የደረስኩት ቁጣው መሃል ነው። «ይቺ ሃምሳ ደቂቃ ክረምቱን ሙሉ ፈጀችብሽ? ሰው እናቱን እንዲህ ያስጠብቃል? ይሄስ ምንድነው፣ አጥንት ነው የያዝኩት፣ እዚያ አገር እህል የለም? ፀጉርሽንስ ማነው እንዲህ የጨፈጨፈው፣ ወንድምሽ ባለሙያ ሆኖ ሳለ?» በሹክሹክታ ነው፣ ግን ያው ቁጣዋ ነው፣ አንድም አልቀነሰላትም። ነርሷ እያለቀሰች «ይቅርታ እማዬ፣ አውሮፕላኑ ዘግይቶብኝ ነው» አለች። «አንቺ ደግሞ ምክንያት አጥተሽ አታውቂም» አለቻት።

ከዚያ «ጠጋ በይ፣ ዐይንሽን ልያት» አለች። ነርሷ ጎንበስ አለችላት። እማዬ በአውራ ጣቷ ሽፋሽፍቷን ዳበሰች፣ በዚህ በኩል፣ ያንቺ ደህናዋ ባለችበት በኩል። «ደህና ናት» አለች። «እሷን ጠብቂልኝ።»

ሌላ ምንም አላለችም። ብዙም አልቆየች። እጇ እስኪቀዘቅዝ ነርሷ አለቀቀችውም።

ደብዳቤሽ በእጄ ነበር። ገና ዐይኖቿን ሳልከድን ነው ወደ ማረፊያው የሮጥኩት። ካፒቴኑን አስቁሜ ያን ሁሉ ውሸት የጻፍኩልሽ ጠብቂልኝ ስላለች ነው። ሾርባውም፣ ወተቱም፣ ምርቃቱም የኔ ናቸው። የእሷን ቁጣ ግን እንዴት አድርጌ ልዋሸው?

አልረገመችሽም፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አላዞረችም። ተቆጥታሽ ጨርሳ ነው የሄደችው። ነርሷ ባገኘችኝ ቁጥር «የኔ ያልሆነ ቁጣ ተቀብዬ ተቀምጫለሁ፣ እህትህ መጥታ ትረከበኝ» ትለኛለች። አንዲት ቃል አልረሳችም።

ነይ።

ወንድምሽ